የ“ሻማ” ሚኒባስ መብራት መታከሙን ስለማሳወቅ

የሚኒባሳችን የቀኝ የፊት መብራት ለስምንት ዓመት ያህል በሕመም ሲማቅቅ ቆይቶ፣ ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ሙሉ በሙሉ ማገገሙን ለወዳጅ ዘመድ፣ ለአስፋልቱ ተጠቃሚዎች፣ በተለይም ለቀድሞው አሽከርካሪ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። የግራው መብራት ከእኛ ጋር የለም፤ በቦታው አዲስ ተተክቷል። ባትሪው ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሃል።

ሙሌ፣ የእኔ ሰው፣ ከተለያየን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ፣ ዛሬ መብራት ተሠራ ብዬ ብዕር ማንሳቴ ያስቅህ ይሆናል። ሳቅ፤ አልቀየምም። እንዲህ ያለውን ወሬ ሌላ ሰው ከአንተ ቀድሞ ሲሰማው ታኮርፍ እንደነበር አውቃለሁ። በሕይወት ሳለህ ኩርፊያህን የቻልኩት በስንት መከራ ነው፤ የሟችነቱንማ አልችለውም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ መኪናህን በታርጋዋ የሚያውቃት አልነበረም። ስሟ ሻማ ነበር። ሻማ ገባች፣ ሻማ ሞላች፣ ለመርሳ ሻማ ልትወጣ ነው። መርሳ ላይ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ከፍቼ ሻማ የምሸጠው እኔ፣ ሻማ የምትነዳው አንተ፤ ከተማው ጋብቻችን የንግድ ስምምነት ይመስለው ነበር።

ረጅሙን መብራት አብርተህ ስትመጣ ከፊት የሚመጣ ሾፌር “ዓይኔን አጠፋኸው” ብሎ የማያማርርብህ ብቸኛው የወረዳችን የሀብሩ ሾፌር ነበርክ። እንዲያውም አንዴ ሲሪንቃ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አስቁሞህ፣ ወንድሜ መብራትህን ማብራት ረስተሃል ብሎ መከረህ። አብርተኸው ነበር። ይህንን የነገርከኝ አንተው ነህ፤ በነጋታው ለደንበኞቼ ሁሉ ማውራቴን ግን እንደ ክህደት ቆጠርከው። ከኋላ መስታወቷ ላይ “እግዚአብሔር ይመራኛል” የሚል ስታስለጥፍባት፣ ታዲያስ፣ መብራቱማ ስለማይመራህ አልኩህ። ሦስት ቀን ሽሮዬን በዝምታ በላህ።

አምፖል ግን ትገዛ ነበር። ከወልድያም ከደሴም፣ ከሌላው ይበልጣል የተባለውን አምፖል ሁሉ እየገዛህ ትከታለህ። ሁለት ሳምንት ደስ ይልሃል። ከዚያ መሰኪያው ይቀልጥና የተቃጠለ ላስቲክ እየሸተትክ ትገባለህ። ገመዱን አስፈትሸው፣ ለሚያውቅ ሰው አሳየው ስልህ ሁልጊዜ መልስህ አንድ ነበር።

“መብራቱ አልደከመም፤ ጨለማው ነው የበረታው።”

ይህንን ስትል ፊትህ ላይ የሚሰፍረው ቁም ነገር ዳኛ ያስመስልህ ነበር። ሱቅ ለመጣው ሁሉ እያስመሰልኩ አስቄበታለሁ። ያ ክረምት መጥቶ፣ ሰው ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ከቆቦም ከወልድያም በአስፋልቱ መውረድ ሲጀምር፣ ያንኑ ቀልድ አንድ ደንበኛዬ መልሶ ነገረኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

የዚያን ቀን ነገር አጭር ነው። ጦርነቱ ወልድያ ደጃፍ ደርሷል ይባላል። ከሩቅ የሚሰማውን ድምፅ ነጎድጓድ ነው ብለን ራሳችንን ስናታልል፣ ወቅቱ ክረምት መሆኑ በጣም ጠቀመን። አንተ አሥራ ስድስት ሰው ጭነህ ለደሴ ልትወጣ ነው። በቀን መንገዱ በሰውና በከብት ተዘግቷል። ሲመሽ ደግሞ መብራት ያበራ መኪና ይመታል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ያን ሰሞን የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሾፌሩ ሁሉ ብርሃኑ በጭላንጭል ብቻ እንዲወጣ የመኪናውን መብራት ጭቃ መቀባት ጀመረ። አንተም በዚያ አካፋ በሚያህል መዳፍህ ቀጠን ያለ ጭቃ ዘግነህ፣ ጠዋት እንደነገሩ ለቀለቅካቸው። አድምቀው እያልኩ ስድስት ዓመት የለመንኩህ መብራት በአንድ ጠዋት ዓይኑ ተሸፈነ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። እስከ ውርጌሳ በጭላንጭል ትሄዳለህ። ውርጌሳን ስታልፍ ወርደህ ጭቃውን በውኃ ትጠርግና እንደ ሰው ታበራለህ። ሰዎቹን ደሴ አድርሰህ ትመለስና እናትህንና እኔን ትወስዳለህ። እናትህ አልሄድም ብለው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸውን ትቼ መውጣት አልሆነልኝም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወጣችሁ። ዝናብ ይጥላል ብለን ስንፈራ ቀኑን ሙሉ ጠብታ አልወረደም። ጠራራ ነበር፤ ለክረምት የማይገባ ጠራራ።

ከዚያ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። አራት ወር።

አራት ወር ሙሉ ሰደብኩህ። ደሴ ተመችቶት ነው አልኩ፤ ዘመድ ቤት እግሩን ዘርግቶ እያስፈተፈተ ነው አልኩ። እናትህ “ልጄን አትስደቢብኝ” ሲሉኝ፣ እርስዎ ያሳደጉት ነው እላቸዋለሁ። ስድቡ ሰዓት ነበረው። አንተ ትገባ በነበረበት ሰዓት እጀምራለሁ፣ እራት ሲቀርብ አቆማለሁ። አንተ ግን ከሄድክበት ማግስት ጀምሮ ውርጌሳ አፈር ውስጥ ነበርክ። ሟችን አራት ወር በተከታታይ በመስደብ በወረዳችን የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም። ካለም ይቅረብ፤ የምንነጋገረው አለን።

መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣችው ፋጡማ ናት፤ ገበያ ላይ ሻሽ የምትሸጠዋ፣ ከአሥራ ስድስቱ አንዷ። በሩ ላይ ቆማ ግቢ ብላት አልገባም አለች። እዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረችኝ። ውርጌሳን እንዳለፋችሁ አቆምክ። ወርደህ ከጀሪካኑ ውኃ እያፈሰስክ ጠረግክ። በመዳፍህ፣ በጥፍርህ፣ ከዚያ በመኪናዋ ቁልፍ ፈቀፈቅክ። ቆየህ። ሰዉ ፈርቷል፣ ሙላት ቶሎ በል ይልሃል። ተመልሰህ ስትገባ ትስቅ ነበር አለችኝ። ማመኔን ስለተጠራጠረች ደገመችልኝ፣ ወላሂ ይስቅ ነበር። መሪውን ይዘህ፣ ለማን እንደምታወራ ሳይታወቅ፣ እንዲህ አልክ።

“ይቺን ምርጊትማ ጦርም አያፈርሳት።”

በቀኙ መብራት ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቀዳዳ ከፍተህ ነበር። በእሷ ብርሃን ሄድክ። ከዚያ መታጠፊያ፤ ከመታጠፊያው ላይ ጎርፍ የበላው የአስፋልት ጠርዝ። ሻማ በቀኝ ጎኗ ተኛች። አሥራ ስድስቱም ተቧጭረው፣ አቧራቸውን አራግፈው ወጡ። አንተ አልወጣህም። የማያውቁህ ሰዎች በነጋታው ውርጌሳ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩህ፤ ፋጡማም ከአጥሩ ውጭ ቆማ አለቀሰችልህ።

ስለ ምርጊት ያለው ምን ማለቱ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አልገባኝም አልኳት። አብሽሪ እህቴ ብላኝ ሄደች።

አሁን የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሱቁን ስከፍተው መደርደሪያው ብቻ ተቀብሎኝ ነበር፤ ሻማ እንኳ አልቀረም። ቀስ በቀስ ሞልቻለሁ። ከጓሮ ያለው ማንጎ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁለቴ አፍርቷል፤ ነውረኛ ነው። እናትህ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል፣ ምላሳቸው አልደከመም። አንድ የተውኩት ነገር ቢኖር ምርጊት ነው። በሠፈሩ ቤት የሚሠራ ሁሉ አስካለ ታቡካልን ይል እንደነበር ታውቃለህ፤ የእኔ ግድግዳ አይሰነጠቅም። አሁን ሲጠሩኝ ወገቤን እላለሁ። ወገቤ ደህና ነው።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለአንተ ካልሆነ ለማንም የማልነግረው። መብራቱ የደከመ መኪና በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር፣ ያ ቢጫ ጭላንጭል በመስኮቱ ይገባና በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሄዳል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ የጠፋበት ነገር እንዳለ። ደማቅ መብራት ሲያልፍ ዝም ብዬ እተኛለሁ። ደካማው ሲመጣ ግን እነሳለሁ። አንድ ጊዜ እስከ ውጭ በር ሄድኩና እናትህን እዚያ አገኘኋቸው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። ውኃ ልጠጣ ብዬ ነው የተነሳሁት አሉኝ። እኔም ውኃ ልጠጣ ነበር አልኳቸው። ውኃው ያለው በጓዳ በኩል ነው፣ በተቃራኒው።

ሻማን ከውርጌሳ ጎትተን ካመጣናት በኋላ ዓመት ሙሉ ሸራ አልብሼ ያስቀመጥኳት ለዚህ ነው። ሰው አሠሪያት ይለኛል፣ ሽጪያት ይለኛል። ቦዲዋን አስቀጥቅጫለሁ፣ ሞተሯን አስነስቻለሁ፤ መብራቷን ግን አላስነካም። መብራቷ ከደመቀ በምን ታውቃታለህ? እኔስ በምን አውቅሃለሁ? ሱቅ ያላት ሴት እንዲህ ማውራት ከጀመረች ሚዛኗን የሚያምን አይኖርምና ዝም አልኩ።

ዝምታዬን ያስተወኝ ደመቀ ነው፤ አዲሱ ሾፌር። ስሙ ደመቀ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ማስታወቂያ አላወጣሁበትም። ጨዋ ሰው ነው፣ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ሻማን አያትና እነዳታለሁ አለ። ማታም ከወልድያ ቢያመሽ ግድ እንደሌለው ነገረኝ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ሱቅ መጣች። ሳሙናውን አንድ በአንድ አነሳች፣ አሸተተች፣ መልሳ አስቀመጠች። አንዱንም አልገዛችም። ልትወጣ ስትል ዞር አለችና “እትዬ፣ መብራቱ ደህና ነው?” አለችኝ።

የሌላዋን ሴት ባል ዓይኗ በተሸፈነ መኪና ልልክ ነው። በነጋታው ጋሽ ይመርን ከወልድያ አስጠራሁ።

ጋሽ ይመር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ከእጃቸው አፋቸው ይፈጥናል፣ እጃቸውም ቢሆን ቀርፋፋ አይደለም። እንደ መጡ ከቀኙ መብራት ጀመሩ። መኪናዋ በቀኝ ጎኗ ስለተኛች ያ መብራት ፊቱን መሬት ላይ ደፍቶ ነበር የከረመው። ዝናብ ብዙም አላገኘውም፤ ያገኘውም አልቻለውም። ጭቃው እንዳለ ነበር፣ ከሳንቲሟ ቀዳዳ በቀር። ካቻቢቴ ይዘው ሊያነሱት ሞከሩና ከበዳቸው። ውኃ ጨመሩበት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀረብ አሉና አዩት። አራት የጣት መስመር ከላይ እስከ ታች ደርቆበት ነበር። ሾፌሩ ጣቱ ቀጭን ነበር መሰል አሉኝ።

አዎ ጋሽ ይመር፣ ቀጭን ነበር አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው እኔና አንተን ሊያሳፍረን ይገባል፤ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የፈጀው። አምፖሉ ምን አደረገ አሉ፤ ብርሃኑን መንገድ ላይ የሚበላው ገመዱ ነው። ኔጋቲቩ ገመድ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ኖሯል፤ ፍቀው እንደገና አሠሩት። ከባትሪው በቀጥታ ወፈር ያለ ገመድ ስበው ሬሌ በምትባል የኤሌክትሪክ ማገናኛ በኩል አስገቡት። ከእንግዲህ ማብሪያው ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ ሸክም አይሸከምም አሉ። ትልልቁን አምፖልህን አውጥተው ለመኪናዋ የሚገባትን ልከኛውን መለሱላት። የቀኙን መብራት መስታወት መጀመሪያ በውኃ በተነከረ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በጥርስ ሳሙና አሹት። የጥርስ ሳሙናው ከእኔ ሱቅ የተወሰደ ነው። ስድስት ዓመት ስንጣላ መድኃኒቱ ከራሳችን መደርደሪያ ላይ፣ ከሻማው አጠገብ ተቀምጦ ይሰማን ነበር።

የቀረው አቅጣጫ ማስያዝ ነበር። ለዚህ ደግሞ ግድግዳ ያስፈልጋል። አንተ ያኔ ከአምፖሎቹ ቁመት እኩል ለክተህ በከሰል ያሰመርካቸው ሁለት መስቀሎች ከቤታችን ግድግዳ ላይ አሁንም አሉ። እናትህ ልጄ ቤቱን እንዲጠብቅልን ያሰመረው ነው ብለው፣ ከሄድክ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይሳለሟቸዋል። ሁለቱንም፣ ግራና ቀኙን፣ ያለ አድልዎ። የነፍስ አባታችን መጥተው አዩና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ያሉትን እኔ ምን ብዬ እናገራለሁ? የመብራት መለኪያ ነው ብላቸው አያምኑኝም፤ የአንተን መብራት ያውቁታልና።

ጋሽ ይመር ሻማን ከግድግዳው አሥር እርምጃ አርቀው አቆሟትና ጀምበር እስክትጠልቅ ጠበቅን። ደመቀ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። አጭሩ መብራት ከመስቀሉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት አሉ፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው እንዳያሳውር፤ ሰው የራሱን መንገድ የሚያየው የሌላውን ዓይን አጥፍቶ መሆን የለበትም አሉ። ስለ መብራት ነበር የሚያወሩት።

ደመቀ አበራ።

ሙሌ፣ ግቢያችንን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከግድግዳው ላይ የእኔ ምርጊት ጭዱ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። እናትህ ከቤት ወጡና እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው፣

“ሙላት ነው?” አሉ።

ጋሽ ይመር መሬት መሬት አዩ። እናትህ ብርሃኑን ትንሽ ተመለከቱና ለራሳቸው መለሱ።

“አይደለም። የእሱ እንዲህ አይበራም።”

ከዚያ በዝግታ ወደ ግድግዳው ሄደው፣ ብርሃኑ መሀል ቆመው፣ መስቀሎቹን ተሳለሙ፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን። ጥላቸው ግድግዳውን ሞላው። ደመቀ ሊያጠፋ እጁን ሲሰድ ጋሽ ይመር ተው ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። እስኪጨርሱ አቆየው።

ለካስ ጨለማው አልበረታም ነበር፣ ሙሌ። የደከመው መብራቱ ነበር። አሸነፍኩህ ብዬ ልነግርህ ስድስት ዓመት የጓጓሁበት ቃል ይኸው፤ እጄ ሲገባ ግን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ደመቀ ዛሬ ማታ ከወልድያ ሰው ጭኖ ይመጣል። ሚስቱ ከሰዓት መጥታ ሁለት ሳሙና ገዝታ ሄዳለች፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

እንግዲህ ቃሌን ስማ። መርሳ በምትባል ከተማ ተቀምጦ አልረሳም ማለት ከከተማው ስም ጋር መጣላት ነው። እኔ ጠብ ፈርቼ አላውቅም። ከግድግዳው ላይ መስቀሎቹ ይቀመጣሉ፤ የፈለገው ያህል ቢቆሽሽ አላስመርገውም። ክረምት በወጣ ቁጥር ሻማ ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ ትቆማለች፣ አራት ጣቱንም የምለካው እኔ ራሴ ነኝ፣ በራሴ ጣት። ለደመቀ ነግሬዋለሁ፤ ለደሴ ሲወጣ ውርጌሳ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ አንዴ ብልጭ አድርጎ ያልፋል። ደማቅ ነው ብለህ የማላውቀው መኪና ነው እንዳትል። ሻማ ናት።

ባለቤትህ አስካለ
መርሳ

እርማት፦ ከዚህ በላይ በሰፈረው ደብዳቤ፣ የመኪናዋን መብራቶች ጭቃ የቀባው ሟች ራሱ እንደሆነ ተደርጎ የተገለጸው ስህተት ነው። ጭቃውን ያቦካችውም የቀባችውም የደብዳቤው ጸሐፊ ናት። ሟች ስለ ምርጊት የተናገረው አልገባኝም የተባለውም እንዲሁ ይታረም፤ ያን ጊዜውኑ ገብቷታል። ቀጭን ናቸው ተብሎ የተመሰከረላቸው አራት ጣቶች የእሷ ናቸው። ጸሐፊዋ ዝናብ እንዳያጥበው በማሰብ፣ ግድግዳ እንደምትመርገው አድርጋ ስለሠራችው፣ “ቀጠን ያለ ጭቃ” የሚለው “ጭድ የገባበት ጭቃ” ተብሎ ይነበብ።